ባህር ሲሸሽ የምትመጣው

ባለፈው ኅዳር ለሌላ ጉዳይ ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ወርጄ ነበር። ደንቢያ ሜዳ ላይ፣ ጣና ትቶት በሸሸው ጭቃ አንድ አዛውንት ሽምብራ ይዘራሉ፤ ከእርሳቸው ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት የወፍ መንጋ ጭቃውን በምንቃሩ ይወጋል። ስሟን ጠየቅኳቸው።

“የባህር ወፍ እንላታለን፣ ልጄ። ትልልቆቹ እናቶች ናቸው፤ ትንንሾቹ ልጆች። ልጆቿን አስከትላ ነው የምትመጣው።”

ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በሳምንቱ የወፍ መጽሐፍና የሩቅ ማሳያ መነጽር ይዤ ተመለስኩ። ጭንቅላቷ ትንሽ፣ አንገቷ ረዘም፣ ሆዷ ሞላ ያለ ነው፤ ምንቃሯ ጫፉ ላይ ትንሽ ጎበጥ ይላል። የጀርባዋ ላባ ጠርዙ ነጣ ስለሚል የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። የእግር ቀለም ግን ያሳስታል፤ የአንዷ ብርቱካንማ፣ የሌላዋ አረንጓዴ ቢጤ ነው። መንጋው ብድግ ሲል ከጅራታቸው ግራና ቀኝ ነጭ ሞላላ ምልክት ታየኝ፤ ጥርጣሬዬም አበቃ። ራፍ ናት። ትልልቆቹ እናቶች ሳይሆኑ ወንዶች ናቸው፤ ወንዱ 180 ግራም ገደማ ሲመዝን ሴቷ 110 አካባቢ ነች። ከወንዶቹ ብዙዎቹ ከሴቶቹ በስተሰሜን ስለሚከርሙ ወደ አፍሪካ የሚወርደው መንጋ በአብዛኛው ሴት ነው።

የተሳሳቱት ግን አዛውንቱ ብቻ አይደሉም። ወንዱ ራፍ በግንቦት፣ በስካንዲኔቪያና በሳይቤሪያ ረግረጎች፣ አንገቱ ላይ እንደ አንበሳ ጎፈር ያለ ላባ አብቅሎ ሴቶች ፊት ይፋለማል። ጥቁር ወይም ቡናማ ጎፈር ያለው ቦታ ይዞ ይከላከላል፤ ነጭ ጎፈር ያለው ቦታ ሳይዝ ያጅባል። ተመራማሪዎች ለረጅም ዘመን ወንዶቹን በእነዚህ ሁለት ወገኖች ብቻ ያውቋቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት ሆላንዳውያን፣ ዩከማና ፒርስማ፣ ጎፈር ጨርሶ የማያበቅል፣ ሴት መስሎ መሃል የሚገባ ሦስተኛ ወንድ እንዳለ አሳወቁ። በእጅ ተይዞ እየተመዘነ እንኳ ሴት ተብሎ ሲያልፍ የኖረ ወፍ ነው! ያ ሁሉ ጌጥ የሚያድገው ከእኛ ዘንድ ከሄዱ በኋላ ነው። ደንቢያ የሚያውቃቸው በስራ ልብሳቸው ነው።

የሚከርሙበት መሬት ግን እየጠበበ ነው። ፎገራ ላይ ሸሸርና ወለላ የተባሉት ረግረጎች ውሃቸው እየተቀዳ ወደ እርሻ ተለውጠዋል። እንቦጭ የተባለው አረም እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ዳር ዳሩን ይሸፍናል። አዛውንቱ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

“ፓምፑ ሲንኳኳ ያድራል። ጠዋት ስትመጣ ጭቃው ጡብ ሆኗል። ምንቃሯ ዶማ አይደለም፣ በምን ትቆፍረው? እሷ ስትመጣ ነበር ባህሩ በወጉ ሸሸ፣ ዝሩ የምንባባለው። ትል ትለቅማለች እንጂ ዘሬን አትነካብኝም። እኔም አምስት ልጆች አሉኝ፤ ከባህር ሸሹ በቀር የማካፍላቸው መሬት የለኝም። አንዳችን ሌላችንን የምናስርብበት ነገር አልነበረም።”

እኚህን ሰው ጥፋተኛ ለማለት አፌ አይደፍርም። ከረግረጉ የትኛው ለእርሻ፣ የትኛው ለውሃና ለወፍ እንደሚቀር መወሰን ያለበት መንግሥት ነው። ጉዳዩ ይመለከታቸዋል የተባሉ አንድ ኃላፊ ዘንድ ሄጄ ይህንኑ ጠየቅኩ። “ጥናት ላይ ነው” አሉኝ። ጥናቱን ማን እንደያዘው ስጠይቅ ስብሰባ እንዳለባቸው ነግረውኝ ተነሡ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አላነሱም። ኢትዮጵያ እኮ የአፍሪካና የዩራሲያ ተጓዥ የውሃ ወፎችን ለመጠበቅ የተደረገው ስምምነት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ነው። ጣናም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል።

ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ በየዓመቱ ጥር ላይ ይካሄዳል። ቆጣሪዎች ወደ ደንቢያ ባህር ሸሽም ይውረዱ፤ እነዚህን አዛውንትና ጎረቤቶቻቸውንም ያማክሩ። ከረግረጉ ጥቂቱ እንኳ ፓምፕ የማይገባበት ተብሎ ይከለል። ራፏ እስከ ሚያዝያ እዚሁ ናት።