በጩኸቱ የሚፈረድበት ፌንጣ

በጋምቤላ፣ በጊሎ ወንዝ ዳር በቆሎ የምታርስ የአንዲት እናት ጉዳይ እስካሁን ያብሰለስለኛል። ቡቃያዋ ከሥሩ እየተቆረጠ ያድራል። ማታ ማታ በማሳዋ የሚጮኸውን ፌንጣ ጠርጥራ፣ ጽሑፉ የማይነበብ መድኃኒት ከገበያ ገዝታ ረጨችበት። «የዚያን ዕለት ጸጥ አለ፤ መቆረጡ ግን አልቀረም። የሚብሰውን ስጠኝ ልጄ» አለችኝ።

በፑኝዶ በሰብል ጥበቃ ሥራዬ ይህን ደጋግሜ እሰማለሁ። የሚጮኸው ይወነጀላል፣ ዝም ያለው ይረሳል።

የሚጮኸው ወንዱ ብቻ ነው። አንዱን ክንፍ ከሌላው ጋር እያፋተገ ሴቷን ይጠራል። ሴቷ ድምፅ የላትም፤ እርጥብ አፈር ውስጥ እንቁላል የምትጥለው ግን እሷ ናት። ክንፍ ያላወጣው ግልገልም ሳይሰማ ይበላል። ታዲያ በጩኸት ብዛት የፌንጣን ብዛት እንዴት መገመት ይቻላል? ሲሞቅ ቶሎ ቶሎ ይጮኻል፣ ሲበርድ ይዘገያል። ሰው ሲጠጋው ደግሞ ከኋላው ባሉት ሁለት ፀጉራም ዘንጎች የአየሩን ንቅናቄ ለይቶ ዝም ይላል። ረጪው በገዛ እግሩ ያመጣውን ጸጥታ መርዙ ያመጣው ይመስለዋል። በሃዋይ ካዋይ ደሴት ድምፁን ተከትላ እጭ የምትጥልበት ዝንብ ስላስቸገረችው፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛው ወንድ ፌንጣ ድምፅ የማያሰማ ክንፍ የሚያወጣ ሆኗል። ፌንጣው ግን ከደሴቱ አልጠፋም።

በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በአገራችን ያደረሰውን ካየን ወዲህ፣ ፌንጣ በታየ ቁጥር «መንጋው መጣ» የሚል ሰው በዝቷል። የሌሊቱ ፌንጣ እንደ አንበጣ መንጋ ሠርቶ አገር አያቋርጥም። ቀጭን አንቴናው ከገላው ይረዝማል፤ የአንበጣ አጭር ነው። ጆሮው የፊት እግሩ ላይ ነው፤ የአንበጣ ሆዱ ላይ። ሰው የሚፈራው የሴቷ መርፌ እንቁላል መጣያ ነው፣ አይናደፍም። የወሎ ገበሬ በጤፉ የሚያማርርበት ደገዛ የዚሁ ፌንጣ ዘመድ ነው፤ እሱ እንኳ መብረር አይችልም።

ፌንጣ ጥፋት የለበትም አልልም፤ ለጋ ቡቃያ ይቆርጣል። ነገር ግን የሌሎች ነፍሳትን እንቁላልና የሞተ ነገርም ይበላል። ቀን አፈር ውስጥ ተደብቆ ሌሊት ግንድ የሚቆርጠው ቆራጭ ትል፣ በ2009 ዓ.ም. ከጎረቤታችን ሸካ ዞን የተሰማው መጤ ተምችም፣ ሁለቱም ድምፅ የላቸውም። ማሳውን ያራቁታሉ፣ ማንም አይከሳቸውም።

ስለዚህ ከመርጨት በፊት ማታ ባትሪ ይዞ መውጣት፣ ጠዋት የተቆረጠውን ቡቃያ ሥር በጣት መጫር ያስፈልጋል። ተጠቅልሎ የተኛ ትል ከተገኘ በእጅ ለቅሞ መግደል ይቻላል። ጥፋተኛው ሳይለይ የተረጨ መርዝ በዝናብ ታጥቦ ጊሎ ይገባል፤ የምንበላው ዓሣ የሚወጣው ከዚያው ነው። እኛም ባለሙያዎች ማሳውን በዓይናችን ሳናይ መድኃኒት ማዘዝ ማቆም አለብን።