ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ሲዞር

ሰው ብቻውን ቤተ ክርስቲያን ሄዶ፣ ብቻውን ጸልዮ፣ ብቻውን ወደ ቤቱ ለመመለስ ይችላል። ከአገሩ ርቆ በትልቅ ከተማ የሚኖር ተማሪ ወይም አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው እንዲሁ ነው። በአንድ ዐውደ ምሕረት ዓመቱን ሙሉ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች ስማቸውን እንኳ ሳይተዋወቁ ይቀራሉ። እኛም በዚሁ ያለፍን ስለሆንን ማንንም ለመንቀፍ አንነሣም። ነገር ግን ወንድሙን በስሙ የማያውቅ ምእመን፣ ወንድሙ ሲታመም ሊጠይቀው፣ ሲያዝንም ሊያጽናናው እንደ ምን ይችላል?

በአንድ እምነት መኖርና መተዋወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የኢትዮጵያ፣ የግብጽ፣ የሶርያ፣ የአርመንና የህንድ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት በእምነት አንድ ሲሆኑ፣ መሪዎቻቸው በዘመናችን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ጉባኤ የተቀመጡት በጥር ወር 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነበር። ለታላላቆቹ አብያተ ክርስቲያናት ተቀራርቦ መቀመጥ ካስፈለገ፣ ለአንድ መንደር ምእመናንማ እንዴት አያስፈልግ?

አባቶቻችን ለዚህ ያበጁት ዘዴ የጽዋ ማኅበር ነው። ማኅበርተኞቹ በወር አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ሚካኤልን በ12፣ ማርያምን በ21፣ መድኃኔ ዓለምን በ27 በየተራ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ባለተራው ዳቦ ጋግሮ፣ ጠላ ጠምቆ ይቆያል፤ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ይባርካሉ፤ በመጨረሻም ጽዋው ለሚቀጥለው ባለተራ ይሰጣል።

የዚህ ሥርዐት ጥበብ በተራው ላይ ነው። ዛሬ እንግዳ የሆነው በሌላ ወር አስተናጋጅ ይሆናል። ባለጸጋው በድኻው ቤት መደብ ላይ ይቀመጣል፤ ድኻውም ወደ ባለጸጋው ቤት የሚገባው እንደ ለማኝ ሳይሆን እንደ ወንድም ነው። ደግሞም ቂም ይዞ ከአንድ ጽዋ መጠጣት ነውር ስለሆነ፣ የተጣሉትን ሽማግሌዎች አስቀድመው ያስታርቋቸዋል።

ሆኖም ይህ መልካም ሥርዐት የሚበላሽበት መንገድ አለ። እኛ በነበርንበት በአንድ ማኅበር መጀመሪያ የሚቀርበው ዳቦና ጠላ ብቻ ነበር። እየዋለ እያደረ አንዱ ወጥ ጨመረ፤ ሌላው በግ አረደ፤ ሦስተኛው ከዚያ እንዳያንስ ተበደረ። ከዚህ በኋላ ደመወዙ ትንሽ የሆነ አንድ ወንድማችን ተራው ሲቃረብ መቅረት ጀመረ። እኛም «ሃይማኖቱ ቀዘቀዘ» እያልን አማነው። ቤቱ ድረስ ሄደው የጠየቁት የማኅበሩ ሙሴ የሆኑት ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። እርሱም አንገቱን ደፍቶ፣ «አባቴ፣ የማቀርበው የለኝም» አላቸው።

በዚያ ወር ማኅበሩ የተደረገው በእርሱ ቤት ነው። የቀረበውም ንፍሮና ጥቂት ጠላ ነበር። ካህኑ ግን ጸሎቱን አላሳጠሩም፤ ጨዋታውም ከሌላው ጊዜ አልጎደለም። ያፈርነው እርሱ ሳይሆን እኛ ነበርን። ከዚያ ቀን ወዲህ ከዳቦ፣ ከንፍሮና ከጠላ በላይ እንዳይቀርብ ተስማማን፤ ወንድማችንም ዳግመኛ አልቀረም።

ወጣቶች ሆይ፣ ማኅበር ለመጀመር ሰፊ ቤትና ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አምስት ወይም ስድስት ሆናችሁ በወር አንድ ቀን ተሰብሰቡ። የጽዋ ልማድ የሌላቸው ክርስቲያኖችም በየቤቱ እየተዘዋወሩ አብረው በመጸለይ ይህንኑ ፍሬ ሊያገኙ ይችላሉ። ዋናው ነገር ሦስት ነው፤ ይኸውም የሚቀርበው ምግብ ዐቅሙ ያነሰውን ሰው የማያሳፍር እንዲሆን፣ የቀረውን ሰው ከማማት በፊት ሄዶ መጠየቅ፣ የተጣላም ሳይታረቅ እንዳያድር ማድረግ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። በሚመጣው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ አጠገባችን የቆመውን ሰው ስሙን ብንጠይቀው፣ ከሃምሳው ሎሚ አንዱን አነሣን ማለት ነው።