ከልብ ቀዶ ጥገና በኋላ የሚመጣ መንቀጥቀጥ



በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም (ቶንሲል) በብዙ ልጆቻችን ላይ የልብ ቫልቭን ያበላሻል። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ከተከፈተ ወዲህ የልብ ቀዶ ጥገና በአገራችንም ይሰጣል። ከወልዲያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ገጠር አዲስ አበባ ድረስ ተጉዞ የሚታከም ቤተሰብ ታዲያ አንድ ነገር ማወቅ አለበት፤ አንዳንድ ታማሚ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ድንገት ሊወድቅና ሊንቀጠቀጥ ይችላል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በቀዶ ጥገናው ወቅት ትናንሽ የአየር አረፋ ወይም የረጋ ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። የደም ስኳር ወይም ሶዲየም መውረድም ያንቀጠቅጣል። ኤም አር አይ ሲነሳ አንጎል ላይ ነጠብጣብ መሰል ጉዳት የሚታይባቸው ብዙዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ምንም አይሰማቸውም። ስለዚህ ውጤቱን ሰምቶ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

ይበልጥ የሚያሰጋው ቤት ከተገባ በኋላ የሚመጣው ነው። ብረት ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ዋርፋሪን ይወስዳል። መድኃኒቱ ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ አንጎል ውስጥ ሊደማ ይችላል። ትኩሳት ካለ ደግሞ ቫልቩ አመርቅዞ ሊሆን ይችላል።

ታማሚው ሲንቀጠቀጥ፦
• በጎኑ አስተኙት፤ ልብሱን አላሉለት።
• አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ውኃ አትጨምሩ፤ ክብሪት አታሽትቱት።
• 5 ደቂቃ እስኪሞላ ሳትጠብቁ መኪና ፈልጉ፤ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱት።
• የዋርፋሪን ካርዱን ያዙ፤ ቫልቭ እንዳለው ንገሩ። እንደ ፌኖባርቢታል ያሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚቀንሱ ሐኪሙ ይህን ማወቅ አለበት።

«ጂን ነው» ብሎ ቤት ማቆየት ሕይወት ያስከፍላል። ዱዓውም ሩቅያውም መንገድ ላይ ይደረጋል፤ ሕክምናን አይከለክልም።

በረመዷን ዋርፋሪን በቀን አንዴ ስለሚወሰድ ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ይቻላል። መጾም ይችል እንደሆነ ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። በራስ ፈቃድ መድኃኒት ማቋረጥ ፈጽሞ አይገባም።

የልጅዎ ጉሮሮ ሲታመም ጤና ጣቢያ መውሰድ ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ያድናል። አላህ ዓፊያውን ይስጠን!