የክር ዱባና የገጽ ጉብጠት

በሰሜን አሜሪካ የዛፎች ቅጠል የሚረግፍባቸው የኦክቶበርና የኖቬምበር ወራት ሲደርሱ ብርቱካናማ ዱባ በየቤቱ ደጃፍና መስኮት ይደረደራል። እውነተኛው ዱባ ውሎ አድሮ ስለሚበሰብስ፣ የእጅ ሥራ የሚወዱ ሰዎች ከዓመት ዓመት የሚዘልቅ ዱባ ከክርና ከጥጥ ይሠራሉ። መሣሪያቸው በአገራችን የሶፋና የጠረጴዛ ልብስ የሚሠራበት ኪሮሽ ነው፤ ሙያውም እናቶቻችንና እኅቶቻችን ዳንቴል የሚሉት ነው። የሳይንስ መጽሔት ስለ ዳንቴል ማንሣቱ አንባብያንን ያስገርም ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህች ትንሽ ጌጥ የሒሳብ ሊቃውንት ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ የተጨነቁበትን ጥያቄ በእጃችን እንድንዳስሰው ታስችለናለች።

ቆጠራው ቅርጹን ይወስናል

ዳንቴል በኪሮሽ እየተሳቡ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚያልፉ የክር ቀለበቶች ውጤት ነው። አንዷን ቀለበት «ዐይን» ብለን እንጥራት። ዱባው ከመሐል በ6 ዐይኖች ይጀመራል፤ በሁለተኛው ዙር 12፣ በሦስተኛው 18፣ በአራተኛው 24 እያለ በየዙሩ 6 ይጨመርበታል። ውጤቱም ጠፍጣፋ ክብ ነው።

ለምን 6? እንደሚታወቀው የክብ ዙሪያ የራዲየሱ 2π እጥፍ፣ ማለትም 6.28 እጥፍ ያህል ነው። አንድ ዙር በተሠራ ቁጥር ራዲየሱ በአንድ ዐይን ቁመት ያድጋል፤ ስለዚህ ክቡ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲቀጥል ዙሪያው የዚያን ቁመት 6.28 እጥፍ መጨመር አለበት። የዐይኗ ቁመትና ስፋት ተቀራራቢ ሲሆኑ 6 ዐይኖች ይበቃሉ፤ ክር የሚለጠጥ በመሆኑ ትንሿ ጉድለት አትታወቅም። ቁመቷ የስፋቷ እጥፍ ለሆነች ዐይን ግን 12 ያህል ያስፈልጋል።

ሠራተኛዋ 36 ዐይኖች ላይ ስትደርስ መጨመሯን ታቆማለች። ራዲየሱ ማደጉን ሲቀጥል ዙሪያው ባለበት ስለሚቆም ገጹ መዘርጋት አይችልም፤ ወደ ላይ ይቆማል። ከጥቂት ዙሮች በኋላ በየዙሩ 6 እየቀነሰች ጥጥ ሞልታ ትዘጋዋለች። በመጨረሻም ጠንካራ ክር ከታች ወደ ላይ በመሐል እያሳለፈች ጎኑን በ6 ወይም በ8 ቦታ ስትስበው ዱባው ሸንተረሮቹን ያገኛል።

ከአናቱ የሚንጠለጠለው የተጠቀለለ ሐረግ ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ይሠራል። 20 ዐይኖች ያሉት ገመድ ተሠርቶ በእያንዳንዷ ዐይን ላይ 3 ይጨመራሉ። የውስጠኛው ጠርዝ 20 ሆኖ ሲቀር የውጨኛው 60 ይሆናል። ትርፉ የሚዘረጋበት ሥፍራ ስለሚያጣ ሐረጉ ዙሪያውን ይጠመዘዛል። እንግዲህ ጠፍጣፋው፣ ድቡልቡሉና የሚጥመለመለው ገጽ ከአንድ ክር ተገኙ ማለት ነው። የለያያቸው የጭማሪው መጠን ብቻ ነው። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለው የአበው ብሂል ለጂኦሜትሪም ይሠራል።

ሦስተኛው ጂኦሜትሪ

ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ዩክሊድ ካስቀመጣቸው መነሻ ሐሳቦች አምስተኛው፣ ዛሬ በትምህርት ቤት በምንማርበት መልኩ፣ ከአንድ መስመር ውጭ ባለ ነጥብ ላይ ለዚያ መስመር ትይዩ የሚሆን አንድ መስመር ብቻ እንደሚያልፍ ይገልጻል። ብዙ ሊቃውንት ይህን ከሌሎቹ መነሻዎች ለማረጋገጥ ሲደክሙ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1829 ሩሲያዊው ኒኮላይ ሎባቼቭስኪ፣ በ1832 ደግሞ ሀንጋሪያዊው ያኖሽ ቦያይ፣ በዚያ ነጥብ ላይ መስመሩን ፈጽሞ የማይነኩ ብዙ መስመሮች የሚያልፉበት፣ ነገር ግን እርስ በርሱ የማይጋጭ ጂኦሜትሪ እንዳለ አሳተሙ። ይህም ሃይፐርቦሊክ ጂኦሜትሪ ይባላል።

ችግሩ ይህን ገጽ በዓይነ ሕሊና መሳል ነበር። የወረቀት ቁራጮችን በማጣበቅ የሚሠሩት ሞዴሎች በቀላሉ ይቀደዳሉ። በላትቪያ ተወልደው በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የሒሳብ ምሁር ዳይና ታይሚና እ.ኤ.አ. በ1997 ኪሮሽ አንሥተው መልስ ሰጡ። በየተወሰኑ ዐይኖች አንድ ዐይን መጨመር፣ ይህንንም ሳያዛንፉ መቀጠል ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል በየ5 ዐይኖቹ አንድ ቢጨመር እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን 1.2 እጥፍ ይሆናል፤ በ20 ዐይኖች የተጀመረ ሥራ ከ20 ዙሮች በኋላ ከ760 በላይ ዐይኖች ይኖሩታል። ገጹ እንደ ሰላጣ ቅጠል ጠርዝ ይሸበሸባል። ተማሪዎች ይህን ገጽ አጥፈው፣ በእጥፋቱ ላይ ቀጥተኛ መስመሮችን በክር ሰፍተው፣ ብዙዎቹ ትይዩዎች በአንድ ነጥብ ሲያልፉ በዓይናቸው ማየት ይችላሉ።

ከዱባ እስከ ጠፈር

ይህ ሁሉ ለፊዚክስ ምን ይጠቅማል? በዱባው ላይ የምትሄድ ጉንዳን ከላይ ሆና ቅርጹን ማየት አትችልም። ነገር ግን በራዲየስና በዙሪያ መካከል ያለውን ዝምድና ብትለካ የምትኖርበት ገጽ መጉበጡን ታውቃለች። እኛም ከጠፈር ውጭ ወጥተን ቅርጹን ማየት ስለማንችል ያለን ዕድል የጉንዳኗ ነው። አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1915 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ መሠረት ቁስና ኃይል የሚኖሩበትን ጠፈርና ጊዜ ያጎብጣሉ። የፕላንክ ሳተላይት መረጃ ከጋላክሲዎች ሥርጭት ልኬት ጋር ተጣምሮ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳየው፣ ጠፈር በግዙፉ መጠን ሲለካ ከአንድ በመቶ ባነሰ የስሕተት ወሰን ጠፍጣፋ ነው። በዳንቴል ቋንቋ፣ ጭማሪው ልክ 6.28 ነው ማለት ነው።

በአገራችን ዳንቴልን የእጅ ሥራ፣ ጂኦሜትሪን ደግሞ ዕውቀት ብሎ ለያይቶ ማየት የተለመደ ነው። ነገር ግን ዳንቴል የምትሠራ ሴት ሥራዋ ሲሸበሸብባት ጭማሪው እንደበዛ፣ ሲጎብጥባት እንዳነሰ ታውቃለች፤ ፈትታም ታርመዋለች። ይህም የገጽን ጉብጠት በጣት መለካት ነው። ስለሆነም ውድ ተማሪዎች፣ በቤታችሁ ኪሮሽ የምትይዝ እናት ወይም እኅት ካለች አጠገቧ ተቀምጣችሁ በየዙሩ ስንት እንደምትጨምርና ለምን እንደሆነ ጠይቋት። ከዚያም ሦስት ናሙናዎች ሥሩ፦ በአንዱ በየዙሩ 6 ጨምሩ፤ በሌላው 36 ላይ ቁሙ፤ በሦስተኛው በየዙሩ ቁጥሩን እጥፍ አድርጉ። የእያንዳንዱን ራዲየስና ዙሪያ በክር ለክታችሁ ዙሪያውን ለራዲየሱ አካፍሉ። ከ6.28 ምን ያህል እንደራቃችሁ ገጹ ራሱ ይነግራችኋል።