ጋቢ ወይስ ነጠላ?

የኤኮኖሚክስ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በመድፍና በቅቤ ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ፖል ሳሙኤልሰን በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ የመማሪያ መጽሐፍ፥ አንድ አገር ጉልበቱንና መሣሪያውን ሁሉ መድፍ በመሥራት ላይ ቢያውለው ቅቤ እንደሚያጣ፥ ቅቤውን ቢያበዛ ደግሞ መድፉ እንደሚያንሰው አስረድቷል። ምሳሌው መልካም ነው። ነገር ግን ከተማሪዎቻችን መካከል መድፍ ሲሠራ ያየ ማን አለ? ሸማ ሲሠራ ያላየ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን ወደ መርካቶ እናውርደው።

መርካቶ በኢጣልያ ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ የተመሠረተ ነው። ተራዎቹ በየሸቀጣቸው ይጠራሉና ሸማ ተራም ስሙን ያገኘው ከሸማ ነው። ሸማውን የሚሠሩት እጆች ግን ከገበያው ርቀው፥ በሽሮ ሜዳና በሌሎችም ሰፈሮች ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ናቸው።

አባትና ልጅ የሚሠሩበትን አንድ የሸማኔ ቤት እናስብ፤ ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል እኔ ያወጣሁት ነው። አባት በወፍራም ማግ መሥራት የለመደ ስለሆነ በወር 6 ጋቢ፥ ወይም 6 ነጠላ ያደርሳል። ልጁ ቀጭን ድርና ጥለት ስለሚስማማው 12 ነጠላ ያደርሳል፤ ጋቢ ሥራ ቢሉት ግን ከ4 አያልፍም። ሁለቱም ነጠላ ቢሠሩ 18 ነጠላ፥ ሁለቱም ጋቢ ቢሠሩ 10 ጋቢ ይሆናል። በእነዚህ በሁለቱ ጫፎች መካከል ቤቱ ሊደርስበት የሚችለውን ከፍተኛ ውጤት የሚያሳየው መስመር «የማምረት ዐቅም ወሰን» ይባላል።

አሁን የሸማ ተራ ነጋዴ መጥቶ ጋቢ ፈለግሁ ቢል፥ ማን ይሥራው? አባት ቢሠራው ለ1 ጋቢ የሚቀረው 1 ነጠላ ነው፤ ልጅ ቢሠራው 3 ነጠላ ይቀራል። የጋቢው እውነተኛ ዋጋ ይኸው ሳይሠራ የቀረው ነጠላ ነው፤ መምህራን «የታለፈ ዕድል ዋጋ» ይሉታል። እንግዲህ ጋቢውን አባት ቢይዝ ቤቱ 6 ጋቢና 12 ነጠላ ያገኛል። ነጋዴው ሰባተኛ ጋቢ ቢጨምር ግን ልጁ ከነጠላው መነሣት አለበትና ዋጋው በአንድ ጊዜ ሦስት እጥፍ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ። አባት ነጠላውን፥ ልጅ ጋቢውን ቢይዙስ? 6 ነጠላና 4 ጋቢ ብቻ ይወጣል። ሁለቱም እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ሰደው ከጧት እስከ ማታ ሲወረውሩ ውለዋል፤ አንድም ሰነፍ የለም። ሆኖም 2 ጋቢና 6 ነጠላ በከንቱ ቀርቷል። ብክነት ማለት ሥራ መፍታት ብቻ ይመስለናል። በየመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ የተማረው መዝገብ ተሸክሞ ፎቅ ለፎቅ ሲመላለስ፥ እርሱም ላቡን እያፈሰሰ ነው!

መስመሩ ራሱ የሚሰፋበት ጊዜ አለ። የፋብሪካ ክር ለድር ሲገኝ ሸማኔው በእንዝርት የሚፈተለውን ሁሉ መጠበቅ አይኖርበትም፤ የእጅ ፈትል ለማጉ ብቻ ይበቃዋል። በእንዝርቷ የምትተዳደረው ሴት ግን ከዚህ ስፋት ምን እንዳተረፈች መስመሩ አይናገርም።

የሚጠብበትም ጊዜ አለ። በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ የተነሣው እሳት ሱቆችንና ንብረትን በላ። ሱቅና መሣሪያ ሲቃጠል ወሰኑ ወደ ውስጥ ይገባል ይላል መጽሐፉ፤ እውነት ነው። ሆኖም እሳቱ ያልደረሰበት የሩቁ ሸማኔ መወርወሪያ አልነደደም። ገንዘቡ የጠፋበት ነጋዴ መግዛት ካቃተው፥ እጁም መሣሪያውም ደኅና የሆነ ሸማኔ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ጉዳት እስኪገነባ ድረስ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ ሁለተኛው ግን ነጋዴው በጊዜ ብድር ቢያገኝ ቶሎ የሚድን ነው። ሁለቱን ሳይለይ የሚሰጥ ርዳታ ግድግዳ እያቆመ ሸማኔውን ሊያስርብ ይችላል።

የሸማኔው ልጅ የማታ ትምህርት ቤት ቢገባስ? ከሥራ ሰዓቱ ሩቡን ቢሰጥ በወር 3 ነጠላ ይቀራል። ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ባይጠይቅም ዋጋው 3 ነጠላ ነው። አገሩ ሁሉ ነጭ ለመልበስ በሚሻማበት በጥምቀት ዋዜማ ደግሞ ያ ዋጋ ይከብዳል። አባት ከፈለገ ከ6ቱ ጋቢ 3ቱን ትቶ የጐደለውን ነጠላ ሊሞላ ይችላል፤ ያን ጊዜ የልጁን ትምህርት አባት በጋቢ ከፈለ ማለት ነው። ከእነዚህ የትኛው እንደሚሻል ኤኮኖሚክስ አይነግረንም፤ በወሰኑ ላይ ያለ ነጥብ ሁሉ ለእርሱ እኩል ቀልጣፋ ነው። እኔ ግን አስተማሪ ነኝና አደላለሁ። በጥምቀት ሰሞን ከሸማኔ ቤት የሚመጣ ተማሪ ከክፍል ቢቀር ስሙን ከመዝገብ አልሰርዝም፤ ጥር 12 እስኪያልፍ ወንበሩ ይጠብቀዋል።