በእጅ የሚያዙ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ገበያ ወዴት ያመራል?

ለረጅም ዘመን የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ማለት ታጥቦና በኦቶክሌቭ ከተህዋስያን ጸድቶ ለዓመታት የሚያገለግል ምላጭ፣ መቀስና መቆንጠጫ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ሁመር ሁልትል በቡዳፔስት የተጠቀመበት ስቴፕለር ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝን ነበር፤ ለመገጣጠምም 2 ሰዓት ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ደግሞ ሃርቪ ኩሺንግ በቦስተን፣ ደም በመብዛቱ አቋርጦት የነበረውን የራስ ቅል ዕጢ በዊልያም ቦቪ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አወጣ።

ዛሬ ይህ ሁሉ በአንድ እጅ ይያዛል። የአልትራሳውንድ መቁረጫ ጫፉ በሴኮንድ 55 ሺህ ጊዜ ያህል በመርገብገብ ሥጋን እየቆረጠ ደም ሥርን ይዘጋል። ስቴፕለሩና የአጥንት መብሻው በባትሪ ይሠራሉ፤ አንዳንድ ስቴፕለሮችም የሚጨብጡትን አካል ውፍረት በመለካት ፍጥነታቸውን ያስተካክላሉ።

የገበያው አቅጣጫ ግን ከመሣሪያው ይልቅ በተቀጣዩ ዕቃ ላይ ይታያል። እጀታው አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ካርትሬጁ፣ ምላጩና ባትሪው ግን ዘወትር ይገዛሉ። ስቴፕለር በተተኮሰ ቁጥር አንድ ካርትሬጅ ያልቃል። እንደ ኢትዮጵያ ዕቃውን በውጭ ምንዛሪ ለሚያስገባ አገር ትክክለኛው ዋጋ የግዢው ሳይሆን የዓመቱ ወጪ ነው። በእርዳታ የተገኘ መሣሪያም ካርትሬጁ ሲያልቅ መጋዘን ይገባል።

ከዚህ የከፋው ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠራውን ደጋግሞ መጠቀም ነው። ጠባብ ውስጣዊ ክፍሎቹ በሚገባ አይታጠቡም፤ ለእንፋሎት ሙቀት ያልተሠራ ባትሪም በኦቶክሌቭ ይበላሻል። አዲስ መሣሪያም ቢሆን ከስህተት ነጻ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ መጋቢት 2018 ስለ ስቴፕለሮችና ስቴፕሎች ከ41 ሺህ በላይ ሪፖርቶች ደርሰውታል፤ ከእነዚህም 366ቱ ሞትን የሚመለከቱ ነበሩ። ሪፖርት ብቻውን መንስኤን ባያረጋግጥም፣ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ለውስጥ አካል የሚውሉትን ስቴፕለሮች ይበልጥ ጥብቅ ቁጥጥር ወዳለው ምድብ አዛውሯቸዋል።

ስለዚህ ከግዢ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። በኦቶክሌቭ ይጸዳልን? ካርትሬጁ ያለማቋረጥ ይገኛልን? ባትሪው ሲደክም ማን ይተካዋል? ባለሙያውን ማን ያሠለጥናል? መሣሪያው በቀዶ ሕክምናው መካከል ቢቆም በእጅ መርፌና ክር ሥራውን የሚፈጽም አለን?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደህንነት መቆጣጠሪያ ዝርዝር፣ ታካሚው ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ከመውጣቱ በፊት የመሣሪያ ችግር እንዳለ እንዲነገር ያዝዛል። ይህ በየዕለቱ ቢመዘገብ፣ ግዢ ኮሚቴው ከሻጩ መግለጫ ይልቅ በራሱ ቀዶ ሕክምና ክፍል ማስረጃ ይመራል።