የሜክሲኮ ጀበና እና የያዩ ጫካ

ጧት ሥራ ከመግባቴ በፊት አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ አንዲት ጀበና ቡና ቤት ጎራ እላለሁ። ቡናው ብረት ምጣድ ላይ እየተንጣጣ ሲጠቁር፣ ጭሱ ወደ ታክሲ ተራው ሲወጣ፣ ልቤ ያዩ ይሄዳል። ከዚህ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ኢሉባቦር ውስጥ፣ በገባ ወንዝ ዙሪያ የተዘረጋ ጥንታዊ የዝናብ ደን አለ።

እዚያ ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ትልልቆቹ ዛፎች ፀሐዩን ይከልላሉ፤ ከሥራቸው ቀጫጭኖቹ የቡና ዛፎች ጥላ ውስጥ ቆመው ቀስ ብለው ያፈራሉ። የረገፈው ቅጠል እርጥበት ይዞ ይበሰብስና አፈሩን ያዳብራል። ጥላው ከተመነጠረ ቡናው የሚወደው ቀዝቀዝ ያለ እርጥብ አየር አብሮ ይጠፋል።

በዓለም ዙሪያ በእርሻ የሚለማው አረቢካ ቡና አብዛኛው ከጥቂት ዛፎች የተባዛ ስለሆነ እርስ በርሱ በጣም ይመሳሰላል። አንዱን የጣለ በሽታ ሌላውንም ይጥላል። የእኛ ጫካ ቡና ግን ዛፍ ከዛፍ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ ሲታይ ይህ ልዩነት አዳነን። ፈንገሱ ያልበሰለውን ፍሬ ያጠቁረዋል፤ ገበሬው የሚለቅመው ያጣል። የጅማ ተመራማሪዎች ደቡብ ምዕራብን አሰሱ፤ በሽታው ያልበገራቸውን ዛፎች ለይተው ዘራቸውን አባዙ። ዛሬ በየማሳው ያሉት 74110 እና 74112 የተገኙት እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታሉ፤ እናት ዛፎቻቸው የተገኙት መቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ላይ ነው። መቱ ደግሞ ከያዩ ሩቅ አይደለችም።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ያዩን፣ ከካፋ ጋር፣ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዘገበ፦ እምብርቱ እንዳይነካ፣ ዙሪያውን ሕዝቡ እየተጠቀመ እንዲጠብቀው። ይሁንና ያዩ ከምድሯ ሥር የድንጋይ ከሰል አላት። ብዙም ሳይቆይ ከሰሉን ጥሬ ዕቃ የሚያደርግ የማዳበሪያ ፋብሪካ እዚያው ተጀመረ፤ ቢሊዮኖች ብር ፈስሶበት ሳያልቅ ቆመ። ማዳበሪያ ለገበሬያችን የግድ ነው፤ አልከራከርም። ከሰል ግን ሌላም ቦታ አለን። የጠፋ የቡና ዘር ከየትም አይመጣም።

አደጋው ፋብሪካ ብቻ አይደለም። ምርት ለመጨመር ሲባል የጫካው ሥር በየዓመቱ ይመነጠራል፣ ከጫካው ውጭ የመጣ ችግኝ ይተከልበታል፤ ከሩቅ ሲያዩት ደን ነው፣ ውስጡ ግን የቡና እርሻ ሆኗል።

አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን የምትጠጡ ሁሉ፣ ያዩ ላይ ሥራ ሊጀመር ነው ሲባል ከሰማችሁ «ከጫካው ስንት ሄክታር ይነካል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ እስክታገኙም ዝም አትበሉ።